ለቤታችን ኮምፒዩተር ግልባጭ ስለማኖር

በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።



ዛሬ ከመዋጮውና ከድንኳኑ ጉዳይ ለአንድ አፍታ ወጣ ብለን ስለ ኮምፒዩተር ልናነጋግራችሁ ፈልገናል። ርእሱን ስትሰሙ «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ነገር ግን ጉዳዩ የሁላችንም ሆኖ ስላገኘነው በጥሞና እንድታደምጡን እንለምናለን። እኛ ጽሕፈት ቤቱን የያዝነው ሰዎች የኮምፒዩተር ትምህርት ቤት የገባን አይደለንም። ያወቅነውን ያወቅነው በሰፈራችን ኮምፒዩተር የሚጠግኑትን ወጣቶች ጠይቀን፣ በእጃችንም ሞክረን ነው። ስለዚህ ለማንም በሚገባ ቋንቋ እንናገራለን።

ጉዳዩ ለምን የሁላችን ሆነ?

እንደምታውቁት የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮው፣ የወንበሩና የብረት ድስቱ ቆጠራ ሁሉ ዛሬ በጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር ውስጥ ነው ያለው። ከመካከላችን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወር ሳያጓድሉ የከፈሉ እናቶች አሉ። መክፈላቸው የሚታወቀው በዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ጠፋ ማለት ለቅሶ በደረሰ ዕለት «ከፍለዋል»፣ «አልከፈሉም» እየተባለ በሐዘንተኛ ፊት ክርክር ሊነሳ ነው ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ነውር በማኅበር ላይ አለ ወይ?

በየቤታችንም ስንመለከት ነገሩ ያው ነው። የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ግልባጭ፣ ከዓረብ አገርና ከአሜሪካ ልጆቻችን የላኩልን ሥዕል ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተከማችቷል። ደረሰኝ ስንቆርጥ አንዱን ለከፋዩ ሰጥተን ቀሪውን ከጥራዙ ጋር እናስቀምጣለን። ደብዳቤ ስንጽፍም ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ብለን ለማን ለማን እንደደረሰ እናመለክታለን። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ዋናው ከጠፋ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በብዙ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ግን ያለ ቀሪ፣ ያለ ግልባጭ ነው የሚሠራው።

በሰፈራችን ባለፈው ክረምት ከአንድ ቤት ላፕቶፕ ተሰረቀ። ዕቃው ውሎ አድሮ በገንዘብ ተተካ። ልጅቷ ሁለት ዓመት የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፍና በስልክ ቀድታ ወደዚያ ያዛወረችው የሟች አባቷ ድምፅ ግን በምን ገንዘብ ይተካል? እናትየው «ላፕቶፑንስ ይውሰዱት፤ ድምፁን በመለሱልኝ» ሲሉ የሰማ ሁሉ አዝኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው ዛሬ ይህን ማንሳታችን።

ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ነገር በምን ይጠፋል?

አንደኛ፣ ዲስኩ ያረጃል። የተለመደው ሃርድ ዲስክ በውስጡ ሳህን መሳይ ነገር አለው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። የሚዞር ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚዞር ነገር ባይኖረውም እሱም ድንገት ፀጥ የሚልበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፣ ሌባ አለ። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ዕቃ ያቃጥላል። አራተኛ፣ ቡና ይደፋበታል፣ ሕፃን ይጥለዋል፣ ወይም አንዱ ሰው ሳያስተውል ፋይሉን ይደመስሰዋል። አምስተኛ፣ ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ «ካልከፈላችሁ አልከፍትም» የሚል ቫይረስ አለ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017) ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተሰራጭቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ማሻሻያውን ያላስገቡ ኮምፒዩተሮች ናቸው።

ፍላሽ ለምን አይበቃም?

«እኛ በፍላሽ እንገለብጣለን» የምትሉ አላችሁ። መልካም ነው፤ ከምንም ይሻላል። ችግሩ ሰው የሚረሳ መሆኑ ነው። ፍላሽ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በየማታው ይገለብጣል። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ይሆናል። ቀጥሎ በበዓል በበዓል ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በተበላሸ ዕለት ፍላሹ ሲታይ የዛሬ ዓመት የፋሲካ ፎቶግራፍ ብቻ ይገኝበታል። ስለሆነም ሥራውን ለማይረሳ ነገር ማስረከብ ይገባል። ዛሬ የምንናገርለት ዕቃ ይህን የሚሠራ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛው አጠራር ፊደላቱን አጋጥመው «ናስ» ይሉታል። የሳንቲሙና የጌጡ ናስ አይደለም። በኔትወርክ ላይ የተቀመጠ ማከማቻ ለማለት ነው። ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ ሣጥን ሆኖ በውስጡ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ይይዛል፤ ከዋይፋይ ራውተሩ ጋር በገመድ ይገናኛል። የቤቱ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በዋይፋይም ሆነ በገመድ ያገኙታል። ሰው ሳያዛቸው በየሰዓቱ አዲስና የተለወጠ ፋይላቸውን ብቻ እየለዩ ወደዚያ ይገለብጣሉ። ጎተራ እንደማለት ነው፤ እያንዳንዱ የየዕለቱን ያስገባል፣ ሲቸግረው ያወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የጠየቀንን አንድ ነገር እንመልስ። «ይህ ሁሉ ሲገለበጥ የኢንተርኔት ጥቅላችንን አይበላም ወይ?» አይበላም። ፋይሉ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ቢውል እንኳ ራውተሩ መብራት ካለው ግልባጩ ይቀጥላል።

የትኛውን እንምረጥ?

እንደ አቅም ሦስት መንገድ አለ።

ሀ) ራውተራችሁ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው አንዳንዱ ራውተር ውጫዊ ዲስክ ሲሰካበት ለቤቱ ሁሉ ያካፍላል። ርካሹ መንገድ ይህ ነው። አዝጋሚ ነው፤ ብዙ ማስተካከያም የለውም።

ለ) ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ካለ ኦፕንሚዲያቮልት የተባለውን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ጭኖ እንደ ሣጥኑ ማሠራት ይቻላል። በጽሕፈት ቤታችን የሞከርነው ይህን ነው። ክፋቱ መብራት ይበላል። ቀንና ሌሊት ሲበራ ከትንሹ ሣጥን ብዙ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል።

ሐ) ሲኖሎጂና ኪውናፕን የመሳሰሉት ኩባንያዎች የሚሠሩት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ሣጥን ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ለመጠቀም ቀላል ነው፣ ድምፁም ትንሽ ነው። 20 ዋት የሚበላ ሣጥን ወሩን ሙሉ ሲሠራ የሚፈጀው 14 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

የዲስኩን መጠን ስትመርጡ በቤቱ ያሉት ኮምፒዩተሮች የያዙትን ደምሩና ቢያንስ በሁለት አባዙ። አንደኛው ላፕቶፕ 300 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው 200 ጊጋባይት ቢይዝ ድምሩ 500 ነው፤ ስለዚህ ከ1 ቴራባይት አትውረዱ፤ 2 ቴራባይት ቢሆን ደግ ነው። እጥፍ የሚያስፈልገው ሣጥኑ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የትናንቱንና ያለፈውን ወር ግልባጭም ስለሚያስቀምጥ ነው። ልጅ የደመሰሰውን ፋይል የሚያስመልሰው ይኸው የቀድሞው ግልባጭ ነው። ዲስኩን ስትገዙ አገልግሎ የተወለወለ እንዳይሆን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

አተካከሉ

ወጣቶቹ ያሳዩንን በቅደም ተከተል እንዘረዝራለን።

1ኛ. ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከጭስ፣ ከውሃና ጣሪያ ከሚያፈስበት ርቆ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ይያያዝ። ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ።

2ኛ. ሣጥኑ ሲመጣ የነበረው የይለፍ ቃል ወዲያው ይለወጥ። አዲሱ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከቤት ሰነድ ጋር ይቀመጥ። ሣጥኑ ላይ አይለጠፍ!

3ኛ. ሣጥኑ ቋሚ የኔትወርክ አድራሻ ይሰጠው፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። ይህ የሚደረገው በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ነው። አድራሻው በተቀያየረ ቁጥር ኮምፒዩተሮቹ ሣጥኑን ሊያጡት ይችላሉ። የቤት ቁጥሩ በየሳምንቱ ለሚለወጥ ሰው ደብዳቤ እንዴት ይደርሰዋል?

4ኛ. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ ማኅደር ይከፈትለት። የአባት ወረቀት በልጅ እጅ፣ የልጅ ምስጢር በታላቅ ወንድም እጅ እንዳይገባ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥርም ቢሆን መከባበር ያስፈልጋል።

5ኛ. የሣጥኑ ሶፍትዌር ይሻሻል። ኤስኤምቢ አንድ የተባለው አሮጌው የፋይል ማካፈያ ዘዴ ክፍት ከሆነ ይዘጋ። ዋናክራይ የተሰራጨው በዚያ በኩል ነበርና።

6ኛ. በየኮምፒዩተሩ ላይ ግልባጩ ይታዘዝ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል ተከፍቶ «ፋይል ሂስትሪ» ይገባል፤ ቦታ ምረጥ ሲል የሣጥኑ ማኅደር ይሰጠዋል። ካልተለወጠ በቀር በየሰዓቱ ይገለብጣል። አፕል ኮምፒዩተር ያላችሁ ደግሞ «ታይም ማሽን» የተባለውን ትከፍታላችሁ። እሱ ያለፈውን 24 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዲስኩ ሲሞላ የጥንቱን እየጣለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። ፋይል ሂስትሪ የሚገለብጠው ዶክዩመንት፣ ፎቶግራፍ፣ ሙዚቃ፣ ቪዲዮና ዴስክቶፕ የሚባሉትን የተለመዱ ማኅደሮች ነው። አንዳንዱ ሰው ፋይሉን «ዲ» በተባለው ክፍል ውስጥ በራሱ ማኅደር ያኖራል። ያ ማኅደር በዝርዝሩ ካልተጨመረ አይገለበጥም። ሰውዬው ተገልብጧል ብሎ ሲያምን ዋናው ነገር ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

7ኛ. የመጀመሪያው ግልባጭ በገመድ ይሁን። ሁሉንም ስለሚወስድ ረጅም ነው። 500 ጊጋባይት በጊጋቢት ገመድ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ራውተሩ አሮጌ ሆኖ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ብቻ ቢያሳልፍ ከ12 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ጀምራችሁ ተኙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ መሐል ላይ ነቅላችሁ እንደገና አትጀምሩ። ከዚያ በኋላ የሚሄደው የዕለቱ ለውጥ ብቻ ስለሆነ በዋይፋይ ይበቃል። ላፕቶፑ ከቤት ወጥቶ ቢውልም ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

8ኛ. ሣጥኑ ዲስኩ ሲደክም ወይም ግልባጭ ሲያቅተው መልእክት እንዲልክ ይታዘዝ። ለማን? መልእክቱን ለሚያነብ ሰው።

ስለ መብራት

መብራት እንደሚጠፋብን መናገር አያስፈልገንም። ሣጥኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ከሄደ የተጻፈው ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒቱ ዩፒኤስ ነው። ትንሹም ቢሆን ሣጥኑንና ራውተሩን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ያቆያል። ብዙዎቹ ዩፒኤሶች በዩኤስቢ ገመድ ከሣጥኑ ጋር ሲያያዙ «መብራት ሄዷል፤ ራስህን በሰላም ዝጋ» የሚል ምልክት ይሰጡታል። ገመዱን ካላያያዝነው ግን ዩፒኤሱ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ ሣጥኑን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። መብራት ሲመለስም ሣጥኑ በራሱ እንዲነሳ የሚያዝ ማስተካከያ አለ፤ ይብራ። አለዚያ ማክሰኞ የጠፋ ሣጥን እሑድ ድረስ ጠፍቶ ይቀርና ማንም ሳያውቅ አምስት ቀን ያልፋል።

ሁለት ዲስክ ማለት ሁለት ግልባጭ ማለት አይደለም

ሁለት ዲስክ ያለው ሣጥን አንዱ የአንዱ መስታወት ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን መስታወት መስታወት ነው። ፊትህን ስታጠቁር እሱም ያጠቁራል። ፋይል ከአንዱ ሲደመሰስ ያኔውኑ ከሌላውም ይደመሰሳል። ቫይረስ ሲቆልፈውም ሁለቱም ላይ ይቆለፋል። ሌባም ሲመጣ ሣጥኑን ከነሁለት ዲስኩ ነው ብብቱ ውስጥ የሚከተው።

ስለዚህ ከቤት ውጭ ያለ ግልባጭ ግድ ነው። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የማኅበራችን ገንዘብ ሣጥን ሦስት ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹም በሦስት ሰው ቤት የሚያድሩት ለምንድን ነው? በአንድ ሰውና በአንድ ቤት ላይ የደረሰ ነገር ሁሉን ይዞ እንዳይሄድ አይደለም ወይ?

ይህን ትልቅ መንግሥት እንኳ ሲዘነጋው አይተናል። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025) በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥቱ የመረጃ ማዕከል በባትሪ ምክንያት በእሳት ተያያዘ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት የሚይዝ ማከማቻ ተቃጠለ። በሌላ ቦታ ግልባጭ አልነበረውም። በቴክኒክ የሠለጠነ አገር፣ ገንዘብ ያለው መንግሥት ነው። የጎደለው ሌላ ቦታ የተቀመጠ አንድ ግልባጭ ነበር።

የአደራ ዲስክ

በእኛ በኩል ያሰብነው ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት የሚተማመኑ ቤቶች ይጣመሩ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ውጫዊ ዲስክ ገዝቶ በወር አንድ ቀን ከሣጥኑ ይገልብጥበትና ለሌላው ቤት አደራ ይስጥ። ጥንዶቹ ግን ግድግዳ የሚጋሩ አይሁኑ። እሳት ለአጥር አያዝንም።

«ጎረቤቴ ውስጡን ቢያይስ?» ለሚለው መልስ አለው። ዲስኩ በይለፍ ቃል እንዲቆለፍ ይደረጋል። ለምሳሌ ቬራክሪፕት የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። የተቆለፈ ዲስክ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ብረት ነው። ቃሉ ከጠፋ ግን ለባለቤቱም ብረት ይሆናል። በመሆኑም ቃሉን ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ይወቀው፣ በወረቀትም ተጽፎ ከዲስኩ በተለየ ቦታ ይቀመጥ።

ይህ ዲስክ ከመሳቢያ የሚያድር፣ ከምንም ገመድ ጋር ያልተያያዘ በመሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ላፕቶፕ ውስጥ የገባ ቆላፊ ቫይረስ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘውን ሣጥንም ሊደርስበት ይችላል። ሳሎን የገባ ሌባ ክፍት የተተወ ጓዳ መግባቱ ይቀራል? ያልተሰካ ዲስክ ላይ ግን አይደርስም።

በሩን ለውጭ አትክፈቱ

ሣጥኑን ሲተክሉላችሁ «ከሥራ ቦታም፣ ከውጭ አገርም እንድታዩት ልክፈተው?» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ለጊዜው ይቅርብን በሉት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 «ማይ ቡክ ላይቭ» የተባለውን ማከማቻ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው የነበሩ ብዙ ሰዎች አንድ ጠዋት ተነስተው ሲያዩ ሣጥናቸው ባዶ ነበር። በሩቅ ያለ ሰው ሁሉን ደምስሶታል። ኩባንያው ለዚያ ዕቃ ማሻሻያ መስጠት ካቆመ ከ2015 ጀምሮ ዓመታት አልፈው ነበር። ትምህርቱ ሁለት ነው። ለመጠባበቂያ የተቀመጠ ነገር መንገድ ዳር አይቀመጥም። ማሻሻያ የማይመጣለት ሣጥን ደግሞ ዘበኛው ጡረታ የወጣ ግቢ ማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙም አስተውሉ። የተለመደው የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ግልባጭ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋችሁ እናንተን ነው።

ያልተሞከረ ግልባጭ ግልባጭ አይደለም

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። ማሽን ይገለብጣል እንጂ ለመገልበጡ ምስክር መሆን አይችልም። መፈተሽ የሰው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙ ፋይል ከማሽኑ ይደመሰስ ጀመር። ግልባጭ አለን ብለው ወደዚያ ሲሮጡ ግልባጩ በትክክል እየሠራ እንዳልነበር ታወቀ። ማንም ሞክሮት አያውቅም ነበር። ፊልሙን ያተረፈችው ጌሊን ሳስማን የተባለች የድርጅቱ ባለሙያ ናት። ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር እቤቷ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ ነበራት። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና እያዘገሙ አመጡት። እነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች ያሉበት ድርጅት በአንዲት አራስ ቤት በነበረ ኮምፒዩተር ዳነ።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን ይህን አድርጉ። አንድ ፎቶግራፍና አንድ ጽሑፍ ምረጡ። ከሣጥኑ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት። ከተከፈተ፣ ቀኑም የቅርብ ከሆነ እሰየው። ካልተከፈተ ደግሞ ዋናው ገና በእጃችሁ ሳለ አወቃችሁ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ላለው ነው። ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

በጽሕፈት ቤቱ የተሞከረው ውጤት

ባለፈው ወር አሮጌውን ዴስክቶፕ ከራውተሩ ጋር አያይዘን የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒዩተር በየሰዓቱ እንዲገለብጥ አድርገናል። ከዚያም ሦስት የኮሚቴ አባላት ባሉበት የመዋጮ መዝገቡን ከግልባጩ አውጥተን በሌላ ላፕቶፕ ከፈትን። ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ገጽ በገጽ ስናመሳክር ልክ ሆኖ ተገኘ። የወረቀቱን ጥራዝ እንደማንተውም ከወዲሁ እናሳውቃለን። ወረቀትም አንድ ግልባጭ ነው፤ መብራትም አይፈልግም።

ለውሳኔ የቀረበ

በመሆኑም የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ለጉባኤው እናቀርባለን።

1. ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት አዲስ ዲስክና አንድ ዩፒኤስ ይገዛ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ተሰብስቦ ለሒሳብ ተቆጣጣሪው ይቅረብ።

2. የማኅበሩ የአደራ ዲስክ ተቆልፎ ከጽሕፈት ቤቱ ራቅ ባለ በአንድ የኮሚቴ አባል ቤት ይደር። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ሆኖ በሌላ አባል እጅ ይቀመጥ።

3. ከወርኃዊ ስብሰባ በኋላ መዝገቡ ከግልባጩ ወጥቶ በአባላት ፊት ይከፈት። ያየ ሰው በቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርም።

4. ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶቻችን እሑድ እሑድ ፈቃደኛ ለሆነ ቤት ተከላውን ያግዙ። አቅመ ደካማና ብቸኛ አረጋውያን ይቅደሙ። ወጣቶቹ ሥራውን ሲያስረክቡ የይለፍ ቃሉን የሚጽፈው ባለቤቱ ራሱ ይሁን።

«የማኅበር ገንዘብ ለሐዘንተኛ ነው እንጂ ለማሽን ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ደርሶናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፦ መዝገቡ የሐዘንተኛው ነው። ለቅሶ በገባበት ቀን ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይከራከረው ድንኳኑ የሚተከልለት፣ ገንዘቡም በእጁ የሚገባው መዝገቡ ስላለ ነው። ያን መዝገብ መጠበቅ ሐዘንተኛውን መጠበቅ ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብም ከዓላማችን ውጭ አይደለም።

በየቤታችሁ ያለውን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ «ይህ ኮምፒዩተር ነገ ጠዋት ባይነሳ ምን ይጎድልብናል?» መልሱን በወረቀት ጻፉት። ግልባጩ ከዚያ ዝርዝር ይጀምራል። ሣጥን ለመግዛት አቅሙ የሌለው ቤት በአንድ ውጫዊ ዲስክ ይጀምር። ዲስክ መግዛት ያቃተው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣና እንመካከር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የማኅበራችን ነገር።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ከዚያ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እናልፋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ